የሚና ጨዋታ ያለ ሰይፍ አይሆንምን?

በዚህ ዩኒቨርሲቲ የምንማር ኢትዮጵያውያን የዕረፍት ሌሊታችንን የምናሳልፍበት መንገድ ብዙ ነው። ካርታ የሚጫወት አለ፤ ኳስ የሚመለከት አለ፤ ቡና አፍልቶ የሚያወጋም አለ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ደግሞ በየመኝታ ክፍላችን አንድ ሌላ ጨዋታ እየተለመደ መጥቷል። ይኸውም ጠረጴዛ ከብቦ የሚካሄደው የሚና ጨዋታ ነው። ስለዚህ ጨዋታ ብዙ ይወራል፤ ስለ አዘገጃጀቱ ግን ጥቂት ይታሰባል። ይህን አስተያየት ለማኅበራችን ልሳን ለማቅረብ የተነሳነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጨዋታውን ለማያውቁት ወንድሞችና እኅቶች ባጭሩ እናስረዳ። አራት ወይም አምስት ሰዎች ይሰበሰባሉ። ከመካከላቸው አንዱ ዳኛ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ሚና ይይዛሉ። ዳኛው፣ «በሩ ላይ ቆማችኋል፤ ከውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ተጫዋቾቹ ይመልሳሉ። የሚሆነው ነገር አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ተጥሎ ይወሰናል። ዳኛው አስቀድሞ ያሰናዳው ታሪክ ጀብዱ ይባላል። በዚህ ጨዋታ እንደ ቼዝ አንዱ አሸንፎ ሌላው ተሸንፎ አይነሣም፤ ሁሉም ተባብረው ታሪኩን ከፍጻሜ ያደርሳሉ።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ ጀብዱዎቻችን ሁሉ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተቀምጠን እስከ 6 ሰዓት ስንጫወት፣ ከአራቱ ሰዓት ሦስቱ የሚያልቀው በፍልሚያ ነው። በር ይከፈታል፤ ጠላት አለ፤ ዳይስ ይጣላል፤ ጠላት ይሞታል፤ ሌላ በር ይከፈታል። ከመካከላችን ሁለት እኅቶችና አንድ ወንድም መምጣት ካቆሙ ቆይተዋል። ለምን ብለን ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ፣ «ተራዬ እስኪደርስ ሃያ ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ሲደርስ ደግሞ እመታዋለሁ ከማለት በቀር የምለው የለኝም» የሚል ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ በመካከላችን ሁለት አቋሞች ይሰማሉ። 1ኛው፣ ጨዋታው በባሕርዩ የውጊያ ጨዋታ ስለሆነ ያልወደደው ይተወው የሚል ነው። 2ኛው፣ መግደልን መዝናኛ የሚያደርግ ጨዋታ ለእኛ አይበጅምና ጨርሶ ይቅር የሚል ነው። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። ሁለቱም የሚነሡት ፍልሚያ የጨዋታው ባሕርይ ነው ከሚል አንድ የተሳሳተ ግምት ነው። በእኛ እምነት ፍልሚያ ጠረጴዛውን የሚወርሰው፣ ጀብዱውን የሚያሰናዳው ሰው ከፍልሚያ ሌላ ምንም ሳያሰናዳ ስለሚመጣ ነው።

ታሪኩ ምን ይላል?

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዚህ ጨዋታ አያት የጦር ሠራዊት መለማመጃ መሆኑን አንክድም። በ1824 የፕሩሲያ ሠራዊት መኮንኖቹን የሚያሠለጥንበት፣ በካርታ ላይ የሚካሄድና ዳኛ ያለበት የጦርነት ጨዋታ ተቀብሎ ነበር። የሚና ጨዋታ ግን ከዚህ የተለየው ጦርነቱ ወደ ጎን በተገፋበት ቀን ነው። በ1969 በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር ዴቪድ ዌስሊ የተባለ ሰው ብራውንስታይን የሚል ስም የሰጠውን ጨዋታ አሰናዳ። ዘመኑ የናፖሊዮን ጦርነት ዘመን፣ ቦታው ትንሽ የጀርመን ከተማ ነው። ዌስሊ ለተጫዋቾቹ ሠራዊት ብቻ ከማደል ይልቅ፣ ለአንዱ የከንቲባነት፣ ለሌላው የዩኒቨርሲቲ ኃላፊነት፣ የመሳሰለውንም ሚና ሰጣቸው። ለእያንዳንዱም የየራሱን ፍላጎት መደበለት። ተጫዋቾቹ በየጥጉ እየተንሾካሾኩ ውል ይዋዋሉና ይከዳዱ ጀመር። ዌስሊ ነገሩ ከእጁ እንዳመለጠ ቈጥሮ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ግን ድገምልን አሉት።

ከዚያ በኋላ ከተደረጉት ከነዚሁ ጨዋታዎች በአንዱ፣ ዴቭ አርነሰን የተባለ ተጫዋች በአንዲት በምናብ በተፈጠረች የላቲን አሜሪካ አገር የተማሪ አብዮተኛ ሚና ደርሶት እንደነበር ይነገራል። ነጥብ የሚያገኘው በራሪ ወረቀት በማደል እንጂ በመተኮስ አልነበረም። አርነሰን በአንደበቱና በዘዴው ብቻ ከሁሉ ልቆ ወጣ ይባላል። ይኸው አርነሰን ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ሆኖ በ1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን፣ ለሽያጭ የቀረበ የመጀመሪያውን የሚና ጨዋታ መጽሐፍ አወጣ። እንግዲህ የጨዋታው መሥራች ራሱ የጨዋታውን ጣዕም የቀመሰው ወረቀት ሲያድል ከሆነ፣ «በባሕርዩ የውጊያ ጨዋታ ነው» የሚለው ክርክር መሠረቱ ምን ላይ ነው?

ፍልሚያ ለምን ያይላል?

ምክንያቶቹ በእኛ አስተያየት ሦስት ናቸው።

አንደኛው የሕጉ ሚዛን ነው። የ1974ቱ መጽሐፍ የፍልሚያ ሕጉን የወረሰው በ1971 ከወጣ ቼይንሜይል ከተባለ የጦርነት ጨዋታ ነው። ሰይፍ ስንት እንደሚያቈስል በቍጥር ተጽፏል፤ ልመና ወይም ማስታረቅ እንዴት እንደሚሠራ ግን አብዛኛው ለዳኛው ተትቷል። ሰውም የተጻፈለትን ያደርጋል።

ሁለተኛው የሽልማቱ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያዎቹ እትሞች ተጫዋቹ ዋናውን የልምድ ነጥብ የሚያገኘው ወርቅ ይዞ በመመለስ ነበር፤ አንድ ወርቅ አንድ ነጥብ ነው። ስለዚህ ጠላትን ሸውዶ ወይም ተደራድሮ ወርቁን ያመጣ ከተዋጋው ይበልጥ ብልህ ነበር። በ1989 በወጣው 2ኛው የላቀ እትም ግን የወርቁ ነጥብ እንደ አማራጭ ብቻ ተተወ። ሽልማቱ ከመግደል ጋር በተጣበቀ መጠን ተጫዋቹም ወደ መግደል ቢያዘነብል የሚደንቅ አይደለም። ደግሞም በ1981 በወጣው የጀማሪዎች እትም ውስጥ አንድ ጠቃሚ ሕግ አለ። ሰዎቻችን ከአንድ ፍጡር ጋር ድንገት ሲገናኙ ዳኛው ሁለት ዳይስ ይጥላል። 2 ከመጣ ፍጡሩ ወዲያው ያጠቃል፤ 12 ከመጣ ወዳጅ ይሆናል፤ ከ3 እስከ 11 ያለው ከጥላቻ እስከ ማመንታት፣ ከማመንታትም እስከ ድርድር የተከፋፈለ ነው። 2 የሚመጣው ከ36 ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ማንኛውም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያሰላዋል። ይህን ሕግ ስንቶቻችን እንጠቀምበታለን?

ሦስተኛው ምክንያት ፍልሚያ ግልጽ መሆኑ ነው። መቼ እንደተጀመረና መቼ እንዳለቀ ሁሉም ያውቃል። የተራ ቅደም ተከተልም አለው። ክርክር፣ ምርመራ ወይም ሽምግልና ግን ዳኛው ካላሰናዳው በቀር ጫፉ አይያዝም፤ ተጫዋቹ የሚይዘው ባጣ ጊዜ ሰይፉን ይመዝዛል።

ይህን የተረዱ ደራሲዎች ሌላ መንገድ አሳይተዋል። በ1981 በሳንዲ ፒተርሰን የተዘጋጀው ኮል ኦቭ ክቱሉ የተባለው ጨዋታ የምርመራ ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቹ አስፈሪውን ፍጡር ባየ ቍጥር የአእምሮ ጤና ነጥቡ ሊቀነስ ይችላልና ተዋግቶ ያሸነፈም ቢሆን ዕዳ ሳይከፍል አይወጣም። በ2004 ቪንሰንት ቤከር ባወጣው ዶግስ ኢን ዘ ቪንያርድ በተባለው ጨዋታ ጠብ በደረጃ ያድጋል፤ ከቃል ወደ ጕልበት፣ ከጕልበት ወደ መሣሪያ፣ ከመሣሪያ ወደ ጠመንጃ። በቃል የቈሰለ ባለ 4 ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ በጠመንጃ የቈሰለ ግን ባለ 10 ገጽ። ስለዚህ ተጫዋቹ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቆሞ፣ «ይህን ለማሸነፍ ስል ሰው ላይ ልተኩስን?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት። የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አሳታሚዎችም ቢሆኑ በ2021 ዘ ዋይልድ ቢዮንድ ዘ ዊችላይት የተባለ፣ ያለ አንድ ፍልሚያ ሊፈጸም የሚችል ጀብዱ አሳትመዋል።

ከሕክምና ትምህርት የምንወስደው

የሕክምና ተማሪዎች እንደመሆናችን አንድ ነገር ለማከል እንወዳለን። በ1963 ሃዋርድ ባሮውስ የተባለ የነርቭ ሐኪም በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጤነኛ ሰዎችን የበሽተኛ ሚና እያስጠና ተማሪዎች እንዲመረምሯቸው ማድረግ ጀመረ። በ1975 ደግሞ ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ በደንዲ ከተማ፣ ተማሪው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወረ የሚፈተንበትን አሠራር አስተዋወቁ። ዛሬ በብዙ አገሮች የሕክምና ተማሪ የሚፈተነው በዚህ ዓይነት ነው። ልብ በሉ! ይህም የሚና ጨዋታ ነው። ሰይፍ የለበትም፤ ነገር ግን ከፈተናው ክፍል ደጃፍ ላይ የቆመ ተማሪ ልቡ እንዴት እንደሚመታ የሚያውቅ ሁሉ ያለ ፍልሚያ ጭንቀትና ጕጕት አይኖርም ሊለን አይችልም።

የበሽተኛውን ሚና የሚይዘው ሰው የሚሰጠው ጽሑፍ ሦስት ነገር ይነግረዋል። ሳይጠየቅ የሚናገረውን፣ ሲጠየቅ ብቻ የሚናገረውንና እምነት ካላደረበት የማይናገረውን። ሆዴን ያመኛል ብሎ የገባ ሰው፣ መጠጥ ማዘውተሩን የሚናገረው ሲጠየቅ ነው፤ ሥራ ማጣቱን የሚናገረው ግን ሰው ሆኖ ለሚያዳምጠው ብቻ ነው። ይህን አሠራር ለጀብዱ ብንወስደው ከዚህ የሚከተሉትን አራት መመሪያዎች እናገኛለን።

1ኛ. ዳኛው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ያሰናዳ። በካርዱ ላይ የዚያ ሰው ፍላጎት፣ ሳይጠየቅ የሚለው፣ ሲጠየቅ የሚለውና የሚደብቀው ይጻፍ። የሰይፉ ጕዳት ከሚጻፍ ይልቅ ይህ ይጻፍ።

2ኛ. ለእያንዳንዱ ምሥጢር ቢያንስ ሦስት ፍንጭ ይቀመጥ። ይህን ደንብ ጀስቲን አሌክሳንደር በ2008 ጽፎታል። ምክንያቱም ቀላል ነው። አንድ ፍንጭ የመገኘት ዕድሉ እኵል በኵል ቢሆን ሦስቱም የመሳት ዕድላቸው ከ8 አንድ ብቻ ነው። አንድ ፍንጭ ብቻ ያስቀመጠ ዳኛ ግን በየሁለት ጨዋታው አንዱን ያከሽፋል።

3ኛ. መሳት ነገሩን ያክብደው እንጂ አያቁመው። ዳይሱ ሲከሽፍ «ምንም አላገኛችሁም» ማለት በሩን መዝጋት ነው። «አግኝታችኋል፤ ነገር ግን ስትፈልጉ ሰው አይቷችኋል» ማለት ግን ሌላ በር መክፈት ነው።

4ኛ. ሽልማቱ ዳኛው የሚፈልገውን ነገር ይከተል። ማስታረቅ እንዲኖር የሚፈልግ ላስታረቀ ነጥብ ይስጥ። ጊዜም ይወሰን፤ ቀነ ገደብ የሌለው ወሬ እውነትም አሰልቺ ነው።

አንድ ምሳሌ

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር፣ በማንኛውም የሕግ መጽሐፍ ልንጫወተው የምንችል የአንድ ጀብዱ ንድፍ እናቅርብ። መነሻችን አባቶቻችን አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚሉት የወንጀል ምርመራ ነው። ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣም ጉባኤው አይበተንም። የቀረ ይቀጣል። ጥፋተኛው ካልተገኘ ካሳው በነዋሪው ሁሉ ላይ የሚወድቅበት ጊዜም ነበር። ከዚህ የተሻለ የጀብዱ መድረክ ከየት ይመጣል?

ወሩ ኅዳር ነው። የጭቃ ሹሙ በቅሎ በሌሊት ጠፍታለች። መንደሩ በዋርካው ሥር ተሰብስቧል። ጤፉ ታጭዶ በማሳ ላይ ነው፤ ሰማዩ ደግሞ ያለ ወሩ ጠቍሯል። ተጫዋቾቹ ነገሩን እንዲያጣሩ የተመረጡ ሽማግሌዎች ናቸው። ያላቸው ጊዜ ሦስት ቀን ነው፤ እያንዳንዱ ቀን ባለፈ ቍጥር የአንድ ቤተሰብ እህል ይበላሻል።

በቅሎዋን የወሰደው የጭቃ ሹሙ የእኅት ልጅ ነው፤ ለአንድ ነጋዴ ያለበትን ዕዳ ሊከፍልባት ሸጧታል። ለዚህም ሦስት ፍንጭ አለ። እረኛው ልጅ ገመዱን አግኝቷል፤ ገመዱ ተፈትቷል እንጂ አልተቈረጠም፤ በቅሎዋ ደግሞ ባዳ ሲጠጋት ትራገጣለች። ቀጥቃጩ ከሦስት ቀን በፊት የእኅት ልጁ ልጓም እንዲጠግንለት መጥቶ እንደነበር ያውቃል፤ ነገር ግን መንደሩ በሞላ እሱን ይጠረጥራልና ማንም ያምነኛል ብሎ አያስብም። ባልቴቷ በዚያች ሌሊት በቅሎ የሚጎትት ሰው አይታለች፤ ነገር ግን በሌሊት የወጣችው ከተጣላው ሰው ሸሽቶ ጫካ ለገባ ልጇ እንጀራ ልታደርስ ነው። በጉባኤ መካከል ከተጠየቀች ትዋሻለች፤ ለብቻዋ፣ በአክብሮት ከተጠየቀች ትናገራለች።

አሁን ተጫዋቾቹ ምን ያደርጋሉ? ቀጥቃጩን ጥፋተኛ ማለት ቀላል ነው፤ ሕዝቡም ደስ ብሎት ይበተናል፤ እህሉም ይተርፋል። እውነቱን ማውጣት ጉባኤውን የጠራውን ሹም ማሳፈር ነው፤ ምናልባትም የባልቴቷን ልጅ ማጋለጥ ነው። ማንንም አለመጥራት ደግሞ ድኻውን ሁሉ ዕዳ ማስከፈል ነው። በዚህ ጀብዱ ውስጥ አንድ ጠብታ ደም አይፈስም። ነገር ግን ተጫዋቾቹ ከጠረጴዛው ሲነሡ እስከ ክፍላቸው ድረስ እየተከራከሩ እንደሚሄዱ አንጠራጠርም። የአገራችን ሰው «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ለዚህ አይደለምን?

ለሚነሡት ተቃውሞዎች

«ዓይን አፋር የሆነው ምን ይሁን? አንደበተ ርቱዑ ብቻውን ሊያወራ ነው ወይ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ዳኛው የተጫዋቹን አንደበት እንዳይመዝን ማድረግ ነው። ተጫዋቹ፣ «ባልቴቷን ለብቻዋ ወስጄ ስለ ልጇ በእርጋታ እጠይቃታለሁ» ካለ ይበቃል። የሚመዘነው የመረጠው መንገድ ነው፤ የንግግሩ ማማር አይደለም። በራሳችን ቋንቋ ብንጫወት ደግሞ ችግሩ ይቃለላል። በእንግሊዝኛ ስንጫወት «እመታዋለሁ» ማለት ለሁሉም ቀላል ነው፤ ማባበል፣ መሸንገል፣ ማሳፈር፣ ማማለድ ግን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ይጠይቃል። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም ብንጫወት ዝም ብለው የነበሩት ሲናገሩ እንሰማለን።

«ፍልሚያ ጨርሶ ይከልከል ማለታችሁ ነው ወይ?» ለሚሉንም፣ አይደለም እንላለን። ሊመዘዝ የሚችል ሰይፍ በጠረጴዛው ላይ መኖሩ ድርድሩን ራሱን ያከብደዋል። የምንቃወመው ፍልሚያ ብቸኛው በር መሆኑን ነው።

በመጨረሻም ብዙዎቻችን የምናስበውን ነገር ግን የማንናገረውን እንናገር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜናዊ ክፍል የተካሄደው ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት እንዲቆም ተወሰነ። በዚህ ማኅበር ውስጥ ግን በዚያን ጊዜ የቤተሰቡ ወሬ የጠፋበት አለ፤ ወንድሙን የቀበረም አለ፤ በሌላው ወገን የቆመ ዘመድ ያለውም አለ። ዛሬ በአንድ ጠረጴዛ እንቀመጣለን፤ ስለ ፈተናና ስለ ሙቀቱ እናወራለን፤ ከዚያ አናልፍም። በዚህ ሁናቴ ላይ ሆነን በሳምንት አንድ ሌሊት የምናገኘውን አራት ሰዓት ፊት የሌለውን ጠላት በመቍጠር ብቻ ብናሳልፈው፣ ለአንዳንዱ መዝናኛ ይሆን ይሆናል፤ ለሌላው ግን እንዳልሆነ ከጠረጴዛው የቀሩት ወገኖቻችን ነግረውናል።

ጨዋታ ያስታርቀናል አንልም፤ ጨዋታ ጨዋታ ነው። ነገር ግን የምንጠረጥረውን ሰው እስከ መጨረሻው ማዳመጥ፣ የሚደብቀው ነገር ሁልጊዜ ክፋት እንዳልሆነ ማወቅ፣ ቀላሉን ጥፋተኛ ከመጥራት መታቀብ፣ እነዚህ ሁሉ በልምምድ የሚመጡ ናቸው። ሐኪም እንኳ በእውነተኛ በሽተኛ ፊት ከመቆሙ በፊት በሐሰተኛው ላይ ይለማመዳል።

ስለዚህ ለጨዋታው ወዳጆች የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። እያንዳንዳችን ለሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ፣ ያለ ፍልሚያ ሊፈጸም የሚችል አንድ ጀብዱ ጽፈን እንምጣ። የገበያ ክርክር ይሁን፣ የወረርሽኝ ምርመራ ይሁን፣ የጋብቻ ሽምግልና ይሁን፣ ምርጫው የጸሐፊው ነው። ሰዎቹ ፍላጎት ይኑራቸው፤ ፍንጮቹ ሦስት ይሁኑ፤ ቀኑ ይቈረጥ። የተሻሉትን አባዝተን ለሁሉም እናዳርስ። መምጣት ያቆሙትንም እኅቶችና ወንድም ሄደን እንጥራ፤ አንዱን ጀብዱ በዳኝነት እንዲመሩልንም እንጠይቃቸው።